የደምሰው ጠመንጃ

«ለመሆኑ በምን ነው?»

«በልብ ነው ይላሉ።»

«ይላሉ?»

«እንግዲህ እነሱ የሚሉት እንደዚያ ነው።»

ስምረት የሻይ ፔርሙዙን እንደያዘች ከጋራዡ በር ጀርባ ቆመች። የአባቷ ለቅሶ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ወንዶቹ እድሩ ባመጣቸው ተጣጣፊ ወንበሮች ላይ ማሞቂያውን ከብበው ካርታ ይጫወታሉ፤ ሴቶቹ ሳሎን ፍራሽ ላይ ናቸው። ቀብሩ ቅዳሜ ስለሆነ፣ እስከዚያ ድረስ በከተማው ዙሪያ ካሉት ከኦሮራም ከቶርንተንም ከሊትልተንም ያለ ወዳጅ ዘመድ ውኃ በካርቶን እየተሸከመ ይመጣል፣ ይቀመጣል፣ አንገቱን ደፍቶ ይሄዳል።

«እኔ ምን አገባኝ» አለ ኢዩኤል። ዳውንታውን ካለው የመኪና ማቆሚያ ሕንፃ ምድር ቤት ከአባቷ ጋር አሥራ አራት ዓመት አብሮ የሠራ ሰው ነው። «ግን ሰኞ ዕለት ቀድሜ የደረስኩት እኔ ነኝ። ሊዑል አንድ ረጅም ሻንጣ አቅፎ በጓሮ በር ሲወጣ በዓይኔ አይቼዋለሁ። የመኪናው ትራንክ ውስጥ አስገብቶ ብርድ ልብስ አለበሰው። ክራር ነው እንዳትሉኝ።»

«ጠመንጃ?»

«እኔ አላልኩም።»

«አላልክም፤ ግን አልክ።»

«ካርታህን ጣል ባክህ!»

ስምረት በሩን በእግሯ ገፍታ ገባች። ጋራዡ ጸጥ አለ። አንዱ «እግዜር ያጽናሽ» አለ፣ ሌላው «ነፍስ ይማር» አለ። ኢዩኤል ብርጭቆውን በሁለት እጁ ተቀበላትና መሬት መሬቱን አየ። ቀዳችላቸው። ምን ትላለች? ማንም ምንም አልጠየቃትም።

አባቷን ሰኞ ጠዋት ያገኘችው እሷ ናት። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ወደ ግድግዳው ዘንበል ብሎ ነበር፤ አንዱ ካልሲ እግሩ ላይ፣ አንዱ እጁ ውስጥ። አምቡላንስ መጣ፣ ሆስፒታል ወሰዱት፣ ሐኪሙ ወጥቶ ልቡ ነው አላት። ከሆስፒታል ስትመለስ መጀመሪያ ያደረገችው ነገር ማልቀስ አልነበረም። የአጎቷን ልጅ ሊዑልን ጠርታ «ሰው ሳይመጣ ያንን ሻንጣ ከቤት አውጣልኝ» አለችው። በጓሮ በር እንዲወጣ የነገረችውም እሷ ናት።

እናቷ አጸደ መኝታ ቤት መሬት ላይ በተነጠፈው ፍራሽ ላይ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኝታ ነበር።

«እማ፣ ራሱን ገደለ እያሉ ነው።»

«ሰምቻለሁ።»

«ከማን ሰማሽ?»

«ከማንም። ሲስሙኝ ያስታውቃል። ባሏ የሞተባትን ሴት የሚስሙት እንዲህ አይደለም።»

«ልንገራቸው በቃ። ወጥቼ ልንገራቸው።»

«ምን ብለሽ? ማን ጠየቀሽ?» አጸደ አልዞረችም። «ሳይጠይቁሽ ከመለስሽ አመንሽ ማለት ነው። ተይው።»

ነገሩ የተጀመረው ሚያዝያ ላይ ነው። ስምረት ስድስት ዓመት ኤድንብራ ተምራ ተመልሳ፣ የልጅነት ክፍሏ ውስጥ ሥራ እየፈለገች፣ እየሰለቻት፣ መመለሷን በየማለዳው እየተጠራጠረች ነበር። አባቷ ደምሰው በሩን አንኳክቶ ገባና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «የተማርሽ ነሽ፤ እስቲ ስለ ሾትጋን ጠመንጃ አንብቢልኝ» አላት።

የሥራ ባልደረባው የሆነ አሜሪካዊ ከከተማው በስተምሥራቅ ወዳለ ሜዳ ወስዶት ኖሯል። ማሽን የስኒ ማስቀመጫ የሚያህል ሸክላ ወደ ሰማይ ይወረውራል፤ ሰው ይተኩሳል፤ ሸክላው ይበተናል፤ በቃ ይኸው ነው ጨዋታው። ከሃያ አምስቱ አንዱንም አልነካም።

«እንደዚያን ቀን ስቄ አላውቅም» አላት።

«ስለሳትክ?»

«ሃያ ሁለት ዓመት ምድር ቤት ተቀምጫለሁ፣ ስምሬ። እዚያ ግን ቀና ካላልሽ አይሆንም።»

ሁለት ቅዳሜ ሱቅ ለሱቅ ዞሩ። እሷ ለመመረቂያ ጽሑፏ እንደምትሠራው ሠንጠረዥ አዘጋጅታ ነበር፤ ዋጋ፣ ክብደት፣ ሲተኮስ ያለው ርግጫ። አንድ ሽበታም ሻጭ መጀመሪያ ሁለት አፈሙዝ የተደራረበበትን አቀረበለት። ደምሰው አየው፣ የተንጠለጠለችውን ዋጋ አነበበ፣ የሰው ሕፃን እንደሚመልስ ሁሉ በሁለት እጁ መለሰው። ራሱ የሚያቀባብለውን አመጣለት፤ ይኼ ትከሻ ብዙ አይመታም፣ ግን በየጊዜው ተፈትቶ መጽዳት አለበት፣ ዋጋውም ቢሆን ከደምሰው አቅም በላይ ነው። በመጨረሻ በእጅ እየተሳበ የሚቀባበለውን አወረደ።

«ይኸው የድሀ ዘመድ» አለ ደምሰው በአማርኛ።

ሻጩ ግን ደግ ሰው ነበር። ሠንጠረዡን ከስምረት እጅ ወስዶ በትሕትና አጠፈውና፣ ለሸክላ ዋጋው ሳይሆን ልኩ ነው የሚቆጠረው፣ ልክህ ያልሆነ ውድ ጠመንጃ ልክህ ከሆነ ርካሽ አይሻልም አለ። ዓይንህን ጨፍን፤ ትከሻህ ላይ አድርግ፤ አሁን ግለጥ። አፈሙዙ ፊት ለፊትህ ቀጥ ብሎ ከተገኘ ያንተ ነው። ደምሰው ጨፈነ፣ ገለጠ። ጨፈነ፣ ገለጠ። አጭር ሰው ስለሆነ የሁሉም ሰደፍ ረዘመበት። ያገለገሉት መደርደሪያ ጥግ ላይ ግን ሰደፉ የተጫረ አንድ ቀጭን ጠመንጃ ተገኘ። አነሣው፣ ጨፈነ፣ ገለጠ፣ ፈገግ አለ።

«ይኼ ለታዳጊ የተሠራ ነው ይልሃል» አለችው ስምረት፤ መስማቱን እያወቀች።

«ሰምቻለሁ። እሱም አጭር ነው፣ እኔም አጭር ነኝ። ደግሞ ርካሽ ነው። ምን ጎደለ?»

መኪና ውስጥ ሲገቡ ነው የተናገረችው።

«አባ፣ ለማንም እንዳትነግር።»

«ለምን? የእድሩን ሰዎች ልወስዳቸው ነበር እኮ። ኢዩኤል ቢያይ...»

«ጥቁር ሰው ጠመንጃ ይዞ ከቤቱ ሲወጣ ጎረቤት ማን ጋ እንደሚደውል አታውቅም? የሐበሻን ወሬስ አታውቅም? ሲሪየስሊ፣ አባ። ደብቀው።»

ደምሰው ልጁን ያምናል። የተማረች ናት። ረጅም ጥቁር ሻንጣ ገዛ፤ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ወዴት ነው ሲሉት ዓሣ ላጠምድ ነው ይል ጀመር። ኢዩኤል «ዓሣውስ ታዲያ?» እያለ ሲያስቸግረው ከሱቅ እየገዛ፣ ከማሸጊያው አውጥቶ በፌስታል እያደረገ ይወስድለት ነበር። ማታ ማታ የስምረትን በር አንኳክቶ ቁጥሩን ይነግራታል። «ዛሬ አራት!» «ዛሬ ሰባት!» እሷ ኮምፒውተሯ ላይ እንዳቀረቀረች «ጎበዝ» ትለዋለች። «አንድ እሑድ አብረሽኝ ነይ» ብሏት ነበር፤ እመጣለሁ ብላው ነበር። እሑዶቹ አለቁ።

በዚያው በሦስተኛው ቀን አመሻሽ ላይ ቄስ መልከጼዴቅ መጡ። ጸሎት አደረሱ፣ መስቀል አሳለሙ፤ ሲወጡ የአባቷን ታላቅ ወንድም አለምሰገድን በክንዱ ይዘው ደጅ ላይ አቆዩት። አለምሰገድ ሲመለስ ፊቱ አመድ መስሎ ነበር።

«ምን አሉ፣ ጋሼ?» አለች ስምረት።

«ወረቀት ይፈልጋሉ።»

«የምን ወረቀት?»

«የሐኪም። እኔ ደምሰውን አውቀዋለሁ አሉ፤ ግን ሰው እየደወለ ነው አሉ። ራሱን ላጠፋ ሰው ፍትሐት አይደረግም፤ ለኔም ጥያቄ ይመጣብኛል አሉ።» ድምፁ ተሰበረ። «ሃያ ዓመት የእድሩ ጸሐፊ የነበረ ሰው እኮ ነው። የስንቱን ቀብር አስፈጽሟል። አሁን ለእሱ ወረቀት!»

ስምረት ወጥታ ወደ ሊዑል መኪና ሄደች። ለምን እንደሄደች ለራሷም አልነገረችም። ትራንኩን ከፍታ ብርድ ልብሱን ገለጠች፣ የሻንጣውን ዚፕ ሳበች። ቃታው ላይ የተገጠመው ቁልፍ እንደተቆለፈ ነው። ደም የለ፣ ባሩድ የለ፤ የቅባት ሽታ ብቻ። መልሳ ዘጋችው። በገዛ ዓይኗ ያየችውን፣ አንድ እግር ካልሲ ለብሶ የሞተውን አባቷን፣ እነሱ እንዳሉት ይሆን ብላ መርምራዋለች።

ወረቀቱ በማግስቱ ጠዋት ከቀብር አስፈጻሚው ድርጅት ደረሰ፤ የልብ ድካም ይላል። አለምሰገድ በስልኩ ፎቶ አንሥቶ ለቄሱ ላከ። ፍትሐቱ ይደረጋል ተባለ። ከሰዓት ስምረት ሳንድዊች ይዛ ወደ ጋራዡ ስትገባ አንድ ድምፅ፣ «ወረቀት ምን ይላል? ወዳጅ ያለው ሰው ምን ወረቀት ያጣል?» ሲል ደረሰች። እንደገና «እግዜር ያጽናሽ» አሏት።

እማማ አበዛሽ የመጡት ያኔ ነው። የመንዝ ሰው ናቸው፤ ሰማንያ አልፏቸዋል፤ በዎከር ተደግፈው ይሄዳሉ። መኝታ ቤት ገብተው አጸደን አቅፈው አለቀሱ፣ ሳሎን ተመልሰው ተቀመጡ፣ ውኃ ጠጡ፣ አፋቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። ከዚያ ማንም ያልደፈረውን፣ ሰዓት እንደሚጠይቅ ሰው፣ ጠየቁ።

«ደምሰው ጠመንጃ ነበረው አሉ። እውነት ነው?»

አንዷ ሴት ጉንጯ ውስጥ የያዘችውን ዳቦ ማላመጥ አቆመች።

«ነበረው፣ እማማ» አለች ስምረት።

«የት አለ ታዲያ?»

«ሊዑል መኪና ውስጥ።»

«መኪና ውስጥ ምን ይሠራል? በኛ አገር ወንድ ሲሞት ጠመንጃው ለለቅሶ ይወጣል። ዘመድ ይሸከመዋል፣ ይዞት ይዞራል፣ ያለቅስበታል። የሚደበቀው የነፍሰ ገዳይ ጠመንጃ ነው።» ዙሪያቸውን ተመለከቱ። «ማነው የደበቀው?»

አለምሰገድ ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ «እማማ፣ ይኼ አሜሪካ ነው» አለ።

«አሜሪካ ሰው አይሞትም?»

«እኔ ነኝ የደበቅሁት» አለች ስምረት። በአራት ቀን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚጠይቃት ሰው አግኝታ ድምፏ ከጠበቀችው በላይ ወጣ። «እሱ ሊያሳያችሁ ፈልጎ ነበር። ደብቀው ያልኩት እኔ ነኝ። ሊዑል፣ አምጣው።»

«ስሚ፣ አር ዩ ሹር?»

«አምጣው አልኩህ።»

ጋራዡ ነበር ሰፊው። ሴቶቹ ፍራሻቸውን ትተው ተከተሏት። ስምረት ከአባቷ የቁልፍ መያዣ ትንሿን ቁልፍ ለይታ ጠመንጃውን ከፈተችው፤ ባዶ መሆኑን አየች፣ አሳየች፤ ካርታው ላይ አጋደመችው። ሁሉም ተንጠራርቶ አየ። እዚያ ብርሃን ላይ ሲታይ ትንሽ ነበር፤ የሚያሳፍር ትንሽ።

እማማ አበዛሽ ዎከራቸውን ለአንዷ ሰጥተው አነሡት። «ውይ፣ ቅለቱ! ምን ገደለበት?»

«ሸክላ» አለች ስምረት።

«ምን?»

«ወደ ሰማይ የሚወረወር ሸክላ። እሱን እየመታ ይስቃል። ከሃያ አምስት አሥራ አንድ ነበር ከፍተኛው።»

አንድ ሰው ሳቅ አመለጠው፤ ወዲያው ሳል አስመሰለው። አሮጊቷ አልሳቁም። ጠመንጃውን ሽቅብ ይዘው ለረጅም ጊዜ አሰቡ፤ አንበሳ ላልገደለ ሰው የሚባለውን እየፈለጉ ይመስላል። ከዚያ በተሰነጠቀ ድምፃቸው አወጡት፤

«ደም ያላፈሰሰ ጠመንጃ የት አለ፣
ከደምሰው በስተቀር ሸክላ ገድሎ የዋለ።»

ሴቶቹ ተቀበሏቸው። ሁለተኛው ዙር ላይ አለምሰገድ ግድግዳውን ተደግፎ እንደ ልጅ አለቀሰ። ሊዑል የጋራዡን ትልቁን በር ሊዘጋ ሲሄድ ስምረት በዓይኗ ከለከለችው። ከመንገዱ ማዶ ያሉት ጎረቤት መስኮታቸው ላይ ቆመው ሲያዩ ቆዩና መጋረጃቸውን ሳቡ።

ለቅሶው ጋብ ሲል ኢዩኤል ወደ እሷ ተጠጋ። ዓይኑ ቀልቷል።

«እና ያ ሁሉ ዓሣ?»

«ከሱቅ ነበር የሚገዛልህ።»

እጁን አፉ ላይ አደረገ። ይቅርታ ሊላት የመሰላት ቅጽበት ነበረች። ይቅርታ ግን ለምኑ? እሱ አላልኩም ነው የሚለው። ጠመንጃውን ተመለከተው፤ ሰደፉን በጣቱ ነካ ነካ አደረገው።

«አይ ደምሰው!» አለ። ቀጥሎም ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ታዲያ ልትሸጡት ነው? አጭር ስለሆነ ለልጄ ይሆነዋል።»

ስምረት ልትቆጣ ፈለገች፤ ቁጣው አልመጣም። ቅዳሜ አባቷ በፍትሐት ይቀበራል። እነዚህ ሰዎች ሣጥኑን ተሸክመው ያለቅሳሉ፣ የምር ያለቅሳሉ፤ መንገድ ላይ ደግሞ አንዱ ለአንዱ «ግን እኮ...» ይላል። ይኼን አሁን አወቀችው።

አጸደ ከሴቶቹ መሀል ወጥታ መጣች። ከሰኞ ወዲህ ከመኝታ ቤቱ ደጅ ርቃ መቆሟ የመጀመሪያዋ ነው። ጠመንጃውን አላየችውም። ልጇን ነው ያየችው፤ ከራስ ጸጉሯ እስከ እግሯ፣ ገና ዛሬ እንዳገኘቻት ሁሉ። ከዚያ ነጠላውን ከስምረት ትከሻ ላይ አወረደችው። ስምረት ለደስታ እንደሚለበሰው ጥለቱን ወደ ታች አድርጋ ነበር የለበሰችው፤ ሰው በተሞላ ቤት ውስጥ፣ ሁሉም እያያት፣ ማንም ሳይነግራት፣ አራት ቀን ሙሉ። አጸደ ነጠላውን ዘቀዘቀችው፤ ጥለቱን ወደ አንገቷ መልሳ አለበሰቻትና ጫፉን ጉሮሮዋ ሥር በእጇ ጭምድድ አድርጋ ያዘችው።