መምህር ያልነበረው ልጅ

«ጠመኔህ ወደቀ ሰሌዳህም ጠፋ፣
መምህሩ ሲቀርበት ተማሪው ተከፋ!»

አልቃሿ ዓለሚቱ ይህን ስትል ድንኳኑ ውስጥ ያሉት ሴቶች ደረታቸውን ደቁ። ላቀው ግን አንገቱን ደፍቶ ምንጣፉን ያያል። ዛሬ ሠልስት ነው። ሦስት ቀን ሙሉ ልጁ በማያውቀው ሰሌዳ ተለቀሰለት። ተስፋነህ በሕይወቱ ጠመኔ ጨብጦ አያውቅም። መምህር ነው ብሎ አገር ያሳመነው ራሱ ላቀው ነው።

ነገሩ የጀመረው ከአራት ዓመት በፊት፣ በጽዋ ማኅበር ላይ ነው። «ልጅህ ተመርቆ ምን ያዘ?» ብለው ጠየቁት። ምን ይበል? ቤት ተቀምጦ የስልክ ጨዋታ ይጽፋል ይበል? «እዚሁ ዩኒቨርሲቲ ያስተምራል» አለ። ካፍ ከወጣ አፋፍ! ከዚያ ወዲያ አንዱ «ልጄን አደራ በልልኝ» ይለዋል፤ ሌላው ውጤት እንዲታይለት ዶሮ ይዞ ይመጣል። ላቀው ዶሮውን ሲመልስ ደግሞ «አይ ላቀው፣ እንዴት ያለ ቀጥ ያለ ሰው ነው!» ተባለ።

ተስፋነህ ይህን ሲሰማ ይስቅ ነበር። አንድ ቀን ላቀው ከግብርና ቢሮ ደክሞት ሲገባ ደብተሩን ይዞ መጣ።

«አባዬ፣ ጨዋታው ላይ አንድ ሽማግሌ አለ። ልጁ ሩቅ አገር ሊሄድበት ነው። ሲሸኘው ምን ይለዋል?»

«ሥራ ፈልግ ይበለው!»

ልጁ ከት ብሎ ሳቀና ጻፈው። አሁን ላቀውን የሚያንገበግበው ያ ሳቅ ነው። ቁጭ ብሎ ቢመልስለት ምን ነበረበት?

ደብረ ታቦር ላይ ኢንተርኔት በተቋረጠ ቁጥር ተስፋነህ የጻፈውን ለመላክ ባሕር ዳር ይወርድ ነበር። ባለፈው ዓርብ ልኮ ሲመለስ፣ ሐሙሲት አጠገብ ሚኒባሱ ተገለበጠ።

«ከዩኒቨርሲቲው አንድ ሰው እንኳ አልመጣም እኮ» አለ አንዱ ለቀስተኛ ከኋላ፣ የሚሰማ ሳይመስለው። «ምን ያለ ጊዜ ነው!»

የላቀው ሚስት ደሳለች ሰማች። ባሏን አየችው። ለቅሶ ድምጿን ዘግቶታል፤ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች።

ረፋዱ ላይ አንዲት ወጣት ጥቁር ሻሽ አስራ ገባች። ቀጥ ብላ ላቀው ዘንድ ሄዳ ጉልበቱን አቀፈች።

«ፋሲካ ነኝ አባባ፣ ከባሕር ዳር» አለችው በጆሮው። «አብረን ነበር የምንሠራው። እሱ ይጽፋል፣ እኔ እሥላለሁ።»

የእድሩ ሰብሳቢ አስናቀ ከመቀመጫው ብድግ አለ።

«ይኸው መጡ! ከዩኒቨርሲቲው ነሽ አይደል፣ ልጄ?»

ፋሲካ የላቀውን ፊት አየች። ተስፋነህ የአባቱን ውሸት ነግሯት ኖሯል፤ ነገሩ ወዲያው ገባት።

«አዎ» አለች ቀስ ብላ። «ከዩኒቨርሲቲው ነኝ።»

ላቀው ቀና ብሎ ልጅቷን አያት። የሰው ልጅ፣ ጓደኛዋ በሞተበት መንገድ ተሳፍራ መጥታ፣ ለእሱ ክብር ስትል ትዋሽ? በቃ፣ ደከመው።

«አይደለችም» አለ።

የድንኳኑ ሰው ሁሉ ወደ እሱ ዞረ።

«ዋሽቼ ነው፣ አስናቀ። ልጄ መምህር አልነበረም። ዓለሚቱ፣ እባክሽ ባልሆነው አታልቅሽለት።»

«በስመ አብ! ታዲያ ምን ነበር ልበል?» አለች ዓለሚቱ።

ላቀው ወደ ፋሲካ ዞረ። አራት ዓመት ሙሉ ልጁን ጠይቆት አያውቅማ። «ንገሪያት» አላት ፋሲካን።

«ሰው ስልኩ ላይ የሚጫወተው ጨዋታ አለ አይደል፣ እማማ?» አለች ፋሲካ። «ታሪክ አለው፤ ውስጡ ሰዎች አሉ። እኔ መልካቸውን እሥላለሁ። የሚናገሩትን የሚሰጣቸው ግን ተስፋነህ ነበር። ሥራው ይኸው ነው። ደመወዝ የሚከፈልበት የደንብ ሥራ ነው። ዓርብ ለት የላከው እንኳ ደርሶናል።»

«ጨዋታ!» ብሎ አንዱ አጉረመረመ። ዓለሚቱ እጇን አንሥታ ዝም አሰኘችው። ዓይኗን ጨፍና ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጠበቀች።

«አፍ የሌለውን ሰው ስታናግር ኖረህ፣
ላባትህ አንዲት ቃል ሳትነግረው ቀረህ!»

«እኔ ነኝ!» ብሎ ጮኸ ላቀው። «እሱማ ሊነግረኝ መጥቶ ነበር! እኔ ነኝ ያልሰማሁት፣ ልጄ! እኔ ነኝ!» ሦስት ቀን እምቢ ያለው እንባ አሁን ወረደ። ደሳለች በተዘጋው ድምጿ አብራው አለቀሰች። ሰዉም እንደገና አለቀሰ።

ለቅሶው በረድ ሲል ፋሲካ ከእንግዶቹ ጋር በሩ አጠገብ ልትቀመጥ ተነሣች።

«ወዴት ነው?» አላት ላቀው። ፈቀቅ ብሎ በእሱና በደሳለች መካከል ቦታ ለቀቀላት። እሷም ተቀመጠች።

ወዲያው ሌሎች ለቀስተኞች ከገጠር ገቡ። የፊተኛው ሰውዬ ላቀው ዘንድ ደርሶ እጁን ዘረጋ። ላቀው የራሱን አልሰጠውም፤ የፋሲካን እጅ አንሥቶ አስጨበጠው።

«እግዜር ያጥናሽ፣ ልጄ» አላት ሰውዬው።