ሦስተኛው ቀዳዳ

«ጫማህን አጥልቅና ውጣ!» አለ ቹንሺክ።

ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር። ለቅሶ ቤት ውስጥ ግን ዝቅ ብሎ የተነገረ ቁጣ ከጩኸት ይልቅ ሩቅ ይሄዳል፤ ጠረጴዛዎቹን ከበው ወለል ላይ ተቀምጠው ቀዩን የሥጋ ሾርባ ሲበሉ የነበሩት ለቀስተኞች ማንኪያቸውን አየር ላይ አቆሙ።

ማልሱን ከባሏ ፎቶግራፍ ሥር ተንበርክካ የጠወለጉትን ነጭ አበቦች እየለቀመች ነበር። ቀና ስትል ታናሽ ወንድሟ ጥቁሩን የቤዝ ጊታር ቦርሳ በሁለት እጁ አቅፎ ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቷል። ከፊቱ ስልሳ ዓመት የተጠጋው አንድ አጭር ሰው በካልሲው ቆሟል። የቀኝ እግሩ ካልሲ ተቀድዶ አውራ ጣቱ ብቅ ብሏል፤ እሱም ይህን ያወቀ ይመስላል፣ በግራ እግሩ ሸፍኖታል። ቅድም ከፎቶግራፉ ፊት ሁለት ጊዜ ሲሰግድ አይታዋለች። ሁለተኛው ላይ፣ ከኋላው ተራ የሚጠብቁት ሰዎች ሆን ብለው ማሳል እስኪጀምሩ ድረስ፣ ግንባሩን ከወለሉ አላነሣም ነበር።

«ልሰርቅ አልመጣሁም» አለ ሰውየው። «ቤዙ የጋራ ነው። ግማሹ የጋሼ ዶክቤ፣ ግማሹ የኔ።»

«ግማሹ የትኛው ነው? አንገቱ ነው ቂጡ?»

ከለቀስተኞቹ አንዱ ሳቁን በሶጁ አረቄ ብርጭቆው አፈነው።

«ቹንሺክ!» አለች ማልሱን።

«አንቺ አርፈሽ ሐዘንሽን ተቀመጪ እትዬ። እንዲህ ያለ ሰው ከየለቅሶው አይጠፋም። ሬሳ ሳይወጣ ግማሽ፣ ሩብ እያለ ይመጣል።»

ማልሱን ተነሣች። ረጅሙ የሐዘን ቀሚሷ እግሯ ላይ ተጠላልፎ ሊጥላት ነበር። «ስምዎ ማነው?» አለችው ሰውየውን።

«ጊቹል እባላለሁ እመቤት። ጋሼ ዶክቤ ቀን ቀን የአዛውንቶች ዳንስ ቤት ይጫወታል፣ እኔ ማታ ማታ ሆቴል። አስራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ባቡር ጣቢያው መውጫ ይሰጠኛል። ሌሊት ስጨርስ ጣቢያው በር ላይ ያለው ቁልፍ ቀራጭ ጋ አስቀምጥለታለሁ፤ ጠዋት ከዚያ ይወስዳል። ሃያ አንድ ዓመት እንዲህ ነው የኖርነው።»

«ወረቀት አለህ?» አለ ቹንሺክ።

«ከወንድሙ ጋር ወረቀት የሚጻጻፍ አለ?»

«ወረቀት የለ፣ የሞተ አይመሰክር! ወይ ምቾት!»

ማልሱን ሁለቱንም መስማት አቁማለች። በዓይኗ ላይ የመጣው በነጭ መሐረብ የተቋጠረ ወርቅ ነው።

ከሃያ አንድ ዓመት በፊት፣ አገሩ ዕዳ ውስጥ ወድቆ ሕዝቡ ወርቁን ለመንግሥት ሊሰጥ በየባንኩ በር በተሰለፈበት ብርድ፣ እሷ የልጇን ሰባት ቀለበቶች ቋጥራ ለባሏ ሰጥታዋለች። ለሶራ አንደኛ ዓመት ልደት ዘመድ አዝማድ ያመጣው ነበር። ዶክቤ የሚጫወትበት ቤት ተዘግቶ፣ ቤዙን ሸጠው ሩዝ በልተውበታል። ያለ ዕቃው የሚመጣ ቤዝ ተጫዋች ደግሞ ማረሻ እንደሌለው ገበሬ ነው፤ ማንም አይጠራውም። «ወርቅሽን ለአገርሽ ሰጠሽ ወይ?» ሲሏት ለጎረቤቶቿ «አዎ» ብላ ዋሽታለች። በማግሥቱ ዶክቤ ይህን ቤዝ አዝሎ በሩን ጎንበስ ብሎ ገባ።

«ወርቁ በቃህ?» አለችው።

«በቃ እንጂ! ተርፎኝ ይሄን ገዛሁበት» ብሎ ከኪሱ ሁለት መንደሪን አወጣ።

ሶራ ካደገች በኋላ ቤዙን የምትጠራው «ቀለበቶቼ» ብላ ነው። ዶክቤ ከሥራ ባዶ እጁን ሲመለስ «ቀለበቶቼስ?» ትለዋለች። «የማታ ባቡር ግፊያው አንገቱን ይሰብርብኛል፤ እዚያው አሳድሬዋለሁ» ይላል። ቤዙ ቤት የሚመጣው ሰኞ ማለዳ ነው፤ ውሎ አድሮ ማክሰኞ ይወጣል።

«የልጄ ቀለበት ነው» አለች ማልሱን። «ሰባቱንም በእጄ ነው የቋጠርኩት። ግማሹ የእርስዎ ከሆነ ባሌ ሃያ አንድ ዓመት ሲዋሸኝ ኖሯል ማለት ነው።»

ጊቹል አፉን ከፈተ። ፎቶግራፉን አየና መልሶ ዘጋው። ከንግግሩ ሁሉ ይልቅ ያበገናት ይህ ዝምታው ነው።

«ለዛሬ የሰው ለምኜ እጫወታለሁ» አለ በመጨረሻ። «የባንዱ መሪ ‹ዛሬን ለሟቹ ብዬ፤ ነገ በዚያ ቤዝ ካልመጣህ ግን የሚመጣ አለኝ› ብሎኛል። ነገ አስራ አንድ ተኩል ላይ መውጫው ጋ እቆማለሁ።» ወደ በሩ ሄዶ ጎንበስ አለ። የራሱን ጫማ ብቻ አልፈለገም፤ የተዘበራረቀውን የለቀስተኛ ጫማ ሁሉ አፉን ወደ ውጭ እያዞረ አሰለፈና ሄደ።

ቹንሺክ ቦርሳውን ቤተሰቡ የሚያርፍበት ጓዳ አስገብቶ ከእህቱ አጠገብ ቁጢጥ አለ።

«ገዢው ነገ ከሬሳ ማቃጠያው ስንመለስ፣ ስድስት ሰዓት ላይ ቤት ይመጣል። አራት ሚሊዮን ተኩል ዎን! ሰው ሲያረጅ ይረክሳል፣ ይሄ እንጨት ሲያረጅ ይወደዳል።»

«አንተ መኪና ሻጭ ነህ። ስለ ቤዝ ምን ታውቃለህ?»

«ባለቤቱ ሲሞት ሁለቱም ቶሎ መሸጥ አለባቸው። ካልተጫወቱበት አንገቱ ይጣመማል አለኝ ነጋዴው። ደግሞ ሌላ ምን ትቶልሻል? የቤት ኪራዩን በፎቶው ልትከፍዪ ነው?»

ሌላ ምንም እንዳልተወላት ከእሷ የበለጠ የሚያውቅ የለም። ድምፅ ማጉያው እንኳን የዳንስ ቤቱ ነው።

ከሰዓት በኋላ ለግንዘት ጠሯቸው። ዶክቤ በሻካራ የሐዘን ጨርቅ ተጠቅልሎ ፊቱ ብቻ ቀርቷል። ገናዡ ሽማግሌ ትሑት ሰው ነበር። «ረጅሙን ሳጥን ነው ያመጣነው፤ እንደዚያም ሆኖ ጠበቃቸው» አለ፣ ጥፋቱ የራሱ ይመስል። ማልሱን በባሏ ግንባር ላይ ያለውን ጠባሳ ነካችው። የመጀመሪያ ቤታቸው በር ነው፤ ተጋብተው በገቡ ቀን ጉበኑ ገጭቶት ሙሽራው በደም ታጥቦ ነበር። ቀዝቅዟል። «ዋሽተኸኛል?» አለችው በልቧ። ሶራ ከጎኗ ክንዷን ይዛ ታለቅሳለች። እሷ ግን አላለቀሰችም፤ ቁጣዋ የእንባዋን መንገድ ይዞባታል።

ከዚያ ስትመለስ ጓዳውን ከውስጥ ዘግታ የቦርሳውን ዚፕ ከፈተች።

የሰኞው ሽታ መጣባት፤ የሎሚ ዘይት፣ ብረት፣ ላብ። ሰኞ ሰኞ ዶክቤ ወጥ ቤቱ ወለል ላይ ተቀምጦ አራቱን ክሮች ይፈታና በሾርባ ድስቷ ይቀቅላቸዋል። አዲስ ክር ውድ ነው፤ ከተቀቀለ ግን የእጅ ስቡ ይለቀውና ድምፁ ለጥቂት ሳምንት ይመለሳል። እሷ በየሰኞው ስለ ድስቷ ትጨቃጨቃለች፣ እሱ በየሰኞው «የአሳ ነባሪ ሾርባ ነው የምሠራልሽ» ይላል። ትናንትም ውሃውን ጥዶ ነበር። «ደግሞ በሾርባ ድስቴ!» ብላው ወደ ጓሮ ወጣች። ስትመለስ ውሃው ይንተከተካል፣ ዶክቤ ወለሉ ላይ ነው። ክሮቹን ገና አልፈታቸውም። ለባሏ የተናገረችው የመጨረሻ ቃል ስለ ድስት ነው።

በሩ ተቆረቆረ። «እማ፣ እኔ ነኝ።»

ከፈተችላት። ሶራ ገብታ ቤዙን ስታይ እግሯ ቆመ። «ቀለበቶቼ» አለች፣ ቃሉን ሳታስበው። ከዚያ አንሥታ ማንገቻውን ባንገቷ አጠለቀች። ቁመቷ የአባቷ ነው። ቤዙ ደረቷ ላይ ተንጠልጥሎ ጠርዙ አገጯን ሊነካ ደረሰ።

«ምንድነው ይሄ? እንደ አራስ ልጅ እኮ ነው የታቀፍኩት። አባዬ እንዲህ አድርጎ ይጫወት ነበር?»

ማልሱን የማንገቻውን ዘለበት ያዘች። የቆዳ ማንገቻ ነው፣ እንደ ቀበቶ ስምንት ቀዳዳዎች አሉት። ዘለበቱ ሦስተኛው ላይ ነበር። ሦስተኛው ቀዳዳ ከመቦርቦሩ ብዛት ሞላላ ሆኗል። ስድስተኛውም እንደዚያው። አራተኛውና አምስተኛው ግን ትናንት የተበሱ ይመስላሉ።

ቁጭ አለች።

ዶክቤ ሰኞ ጠዋት ቤዙን ሲያወጣ ከምንም በፊት ማንገቻውን ያስረዝም ነበር። በየሳምንቱ። አንዴ «ይሄ ነገር በየሳምንቱ ያጥራል እንዴ?» ብላ ጠይቃዋለች። ቀና ሳይል «ቆዳ አይደል? እርጥበት ሲነካው ያጥራል» አላት። እሷም አመነችው፤ ለሶራም የትምህርት ቤት ቀበቶዋ ሲጠባት ይህንኑ ነግራታለች።

ትናንት ግን መጀመሪያ ውሃውን ጣደ። ማንገቻውን ሳያስረዝም ሞተ። የአጭሩን ሰውዬ ቀዳዳ ሳይደብቅ ሞተ።

«እማ፣ ምን ሆንሽ?»

«ምንም» አለች። የዘለበቱን ምላስ ከሦስተኛው ነቅላ ስድስተኛው ላይ ሰካችው። ከዚያ ቤዙን ከቦርሳው እንደወጣ ተሸክማ አዳራሹን አቋርጣ ሄደችና ከፎቶግራፉ ጎን አቆመችው። «አትንካው» አለችው ቹንሺክን፣ ገና አፉን ሳይከፍት።

በሦስተኛው ቀን ማለዳ ሬሳው ወጣ። ስድስት ሰዓት ላይ፣ የአመዱ ማሰሮ በቤተ መቅደሱ ግድግዳ ውስጥ ቦታውን ከያዘ በኋላ፣ ነጋዴው ቤቷ ተቀምጦ ቤዙን በትንሽ መብራት ይመረምር ነበር። አንገቱን አየ፣ ጀርባውን አንኳኳ። «ንጹሕ ነው» አለ። ቹንሺክ እጆቹን አፋተገ።

«አይሸጥም» አለች ማልሱን።

«እትዬ!»

«ግማሹ የሰው ነው።»

«ያ ቀጣፊ—»

«የኔን ግማሽ ልግዛ ካልክ እሸጥልሃለሁ። አንገቱን ነው ቂጡን የምትፈልገው?»

ነጋዴው መብራቱን አጥፍቶ ጣሪያውን ማየት ጀመረ። የቹንሺክ ፊት ቀላ። «አብደሻል» አለ። «ነገ ሲርብሽ እኔን እንዳትጠሪኝ።»

«እጠራሃለሁ» አለች። «ትመጣለህም።»

ደጁን በርግዶት ወጣ፤ ትንሽ ቆይቶ ነጋዴው ተከተለው።

አስራ አንድ ሰዓት ተኩል ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ማልሱን በሐዘን ልብሷ፣ ነጩን ሪባን ጸጉሯ ላይ እንደሰካች፣ ቤዙን በጀርባዋ አዝላ የጣቢያውን ደረጃ ወረደች። ክብደቱን አላወቀችውም ነበር። የቦርሳው ጫፍ በየእርምጃው ተረከዟን ይመታታል፣ ከሥራ የሚመለሰው ሕዝብ ይገፋታል። «እናቴ፣ ያንን በር የሚያህል ነገር ወደ ጎን!» አላት አንድ ጎረምሳ። ሃያ አንድ ዓመት በዚህ ግፊያ ውስጥ አለፈ፤ አንገቱ ግን አልተሰበረም።

ጊቹል መውጫው ጋ ቆሞ ነበር። ሲያያት ሮጦ ሊቀበላት አለና መሃል ላይ ቆመ፤ የመጣችው ልትሰጠው ይሁን ልትሰድበው አላወቀም።

ቦርሳውን አውርዳ በሁለቱ መካከል አቆመችው። እጇን ከላዩ አላነሣችም።

«ለምን አልነገረኝም?»

ጊቹል ወለሉን አየ። «ትናንት ሰው ፊት አልል ብዬ ነው። ቀለበቶቹን ሸጦ የሙዚቃ ዕቃ ሱቅ ውስጥ ስንገናኝ፣ እኔም እናቴ ስትሞት የተዋጣልኝን ይዤ ነበር። ሁለታችንም ቤዝ ልንገዛ የመጣን ነን። ባለሱቁ ‹በሁለታችሁ ገንዘብ ሁለት መናኛ እሰጣችኋለሁ፣ ወይ ይሄን አንድ ደህና› አለን። ጋሼ ዶክቤ ብዙ አሰበ። ከዚያ ‹ይሄ ይሁን፤ ግን የልጄ ወርቅ ግማሽ ቤዝ ብቻ ገዛ ብዬ ሚስቴን እንዴት አያታለሁ?› አለኝ። በኋላ ሊነግርዎ ነበር። በየዓመቱ ‹ዘንድሮ እነግራታለሁ› ይለኝ ነበር። ግን ልጅቷ ‹ቀለበቶቼ› ስትለው—»

«ተርፎኝ ብሎ መንደሪን አምጥቶልኝ ነበር።»

«ምን ተርፎን! ለባቡር እንኳን አልቀረንም፣ በእግራችን ነው የሄድነው። መንደሪኑን ባለሱቁ ነው የሰጠን። አራት ነበር። ሁለት ሁለት ተካፈልን።»

ባቡር ከሥራቸው መጥቶ ሄደ። ሕዝቡ እንደ ወንዝ በግራ በቀኝ አለፋቸው። ማልሱን ካልሲው ተቀድዶ የነበረውን እግሩን አየች፤ አሁን በጫማ ውስጥ ነው።

«የጋሼን ግማሽ» አለ ጊቹል፣ «ቀስ እያልኩ በየወሩ—»

«እሱን ሰኞ እናወራለን። እሑድ ሌሊት ወደ ቁልፍ ቀራጩ አይውሰዱት። ሰኞ ጠዋት ወደ ቤት አምጡት። ክሮቹ ሳይቀቀሉ ነው ያሉት፤ እኔ እቀቅላቸዋለሁ።»

ጊቹል ቀና ብሎ አያት። «በሾርባ ድስት አይሆንም ይሉ ነበር አሉ።»

«በሾርባ ድስት ነው።»

የቦርሳውን ዚፕ ከላይ በኩል ከፈተች። ጊቹል እጁን ወደ ማንገቻው ሲሰድድ «ቆዩ» አለችው። ዘለበቱ ስድስተኛው ቀዳዳ ላይ ነው። ምላሱን አላላች፤ ቆዳው የረጅሙን ሰው ልክ ለምዶ አልለቅም አላት። ጎተተችው። አምስተኛውን አለፈች፣ አራተኛውን አለፈች፣ ሦስተኛው ላይ ስትደርስ ሰካችውና እስኪተኛ በአውራ ጣቷ ተጫነችው።

«ቆዳ ነው» አለች፣ ቀና ሳትል። «እርጥበት ሲነካው ያጥራል።»

አውራ ጣቷ ሥር ቆዳው እውነትም ረጥቦ ነበር።