የጢቾ ተወላጅ

ሙቅቢል ወረቀቱን ተቀብሎ በኪሱ ከከተተ ጀምሮ ለሦስት ሳምንት ያህል በአሰላ ከተማ እንደሱ ደስ ያለው ሰው አልነበረም። ስኳር ሊገዛ የመጣ ሁሉ ምርቃት ይጨመርለታል፤ አቡጀዲ የሚያስቀድድ ስንዝር ተርፎት ይሄዳል። «ዓረቡን ምን ነካው?» ይባባል ጀመር የሰፈሩ ሰው። ምንም አልነካውም፤ ልጁን ሊያመጣ ነው።

ሙቅቢል ከየመን የመጣው በጣልያን ጊዜ ለመንገድ ሥራ ነበር። ጣልያን ሲወጣ እሱ ቀረ። መጀመሪያ ላምባ በጠርሙስ እየቸረቸረ፣ በኋላም ከአቶ ገብረ መድህን አንዲት ክፍል ተከራይቶ ሱቅ ከፍቶ፣ ይኸው ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቱ። ኦሮምኛውን ከአማርኛው አስቀድሞ ነው የለመደው። በመካከሉ አንዴ ብቻ ባሕር ተሻግሮ ኤደን ከተማ አገባና ዓመት ሳይሞላው ተመለሰ፤ ሚስቱ ልትከተለው ነበር፤ ግን በወሊድ ሞተችበት። ሕፃኗ ተረፈች። ዙቤዳ ትባላለች። ዐሥራ አንድ ዓመቷ ነው፤ አያቷ ናቸው የሚያሳድጓት፣ አባቷን በዓይኗ አይታው አታውቅም።

እንግዲህ በዚያ ዓመት አያቲቱ ደብዳቤ አስጻፉ። «ዓይኔ ጠፍቷል። ከከረምኩም ለአንድ ዓመት ነው። መጥተህ ውሰዳት፤ ከእኔ በኋላ ማንም የላትም» ይላል። ሙቅቢል እንደ ድሮው በጅቡቲ በኩል ሾልኮ በሄደ፤ ነገር ግን ጊዜው ተለውጧል። እዚያ ያሉት እንግሊዞች የአባቷን ወረቀት ሳያዩ ሕፃን መርከብ አያሳፍሩም። እዚህም የውጭ አገር ሰው ያለ መኖሪያ ፈቃድ አይወጣም፣ አይገባም ሆኗል። ፈቃድ ካለው ግን ሄዶ ቤተሰቡን ይዞ መግባት ይችላል። ስለዚህ ለፈቃዱ አመለከተ። «ስትገባ የያዝከው ወረቀት የታለ?» ቢሉት በጣልያን ጊዜ ማን ወረቀት ይሰጠዋል! በመጨረሻው «የሚያውቁህ ሁለት ሽማግሌዎች ይምጡና በመሐላ ይመስክሩልህ» ተባለ።

ሽማግሌ ደግሞ ሙቅቢል አላጣም። አንደኛው አከራዩ አቶ ገብረ መድህን ናቸው፤ አያታቸው ከሸዋ የመጡ ባለርስት፣ ብርድ ሲነካቸው የሚያስላቸው፣ የሰው ጉዳይ ካላቦኩ እንቅልፍ የማይወስዳቸው ደግ ሰው። ሁለተኛው ኦቦ ሁሴኖ ናቸው፤ የበቆጂ ገብስ ገበሬ፣ ለገበያ አሰላ ሲወርዱ ከሙቅቢል ጋር የሚበሉ፣ ዓርብ ዓርብም አብረውት የሚሰግዱ።

ሁለቱም «ለእኛ ተወው» አሉት። እሱም ተወላቸው። ጥፋቱ ምን ነበር ብትሉኝ ይኸው ነው።

በዚያ ሰሞን ገበያው ላይ አንድ ወሬ ይነፍስ ነበር። በጣልያን ጊዜ የገባ ሁሉ በካሚዮን ተጭኖ ሊባረር ነው ይባላል። ማን እንዳለው አይታወቅም፤ የገበያ ወሬ ባለቤት የለውም። ሁለቱ ሽማግሌዎች ግን ደነገጡ። ተማከሩ። ለሙቅቢል ቢነግሩት ፈሪ ነው፣ ያበላሽብናል ብለው ዝም አሉትና ተያይዘው ፈቃድ ሰጪው ቢሮ ገቡ። እሱ ውጭ ሲጠብቅ አንዱ በወንጌል፣ አንዱ በቁርዓን ማሉለት። አባቱ ከአሰላ ወዲያ ጢቾ ከተማ ይነግድ የነበረ ዓረብ፣ እናቱም ያገር ልጅ፣ ሁለቱም የሞቱ፤ እሱም እዚያው ጢቾ የተወለደ፣ «ኢልመ ኬኛ፣ የኛው ልጅ ነው!» አሉ ኦቦ ሁሴኖ ጠረጴዛውን እየመቱ። ልጅ አለው ወይ ተብለው ሲጠየቁም አቶ ገብረ መድህን አሰቡ፤ ኤደን ያለች ልጅ ከባሕር ማዶ መምጣቱን ታጋልጥበታለች። «የለውም» አሉ።

በሐሰት መማላቸው ሳይከነክናቸው ቀርቶ አይደለም። አቶ ገብረ መድህን በማግሥቱ ለንስሐ አባታቸው ተናዝዘው መቶ ስግደት ተቀበሉ። ኦቦ ሁሴኖ ሦስት ቀን ጾሙ። ከፈጣሪ ጋር እንዲህ ተስማምተው ጉዳዩን ዘጉት።

ሙቅቢል አማርኛ ማንበብ አይችልም። ማኅተሙን አይቶ፣ ወረቀቱን ስሞ፣ ያን ሁሉ ምርቃት ለሰፈሩ በተነ። የመንገድ ስንቁን አሰናድቶ ሲጨርስ ወረቀቱ የሚለውን ለአያቲቱ በዓረብኛ ጽፎ ሊልክ ፈለገና የአቶ ገብረ መድህንን ልጅ አፀደን አንብቢልኝ አላት።

«የትውልድ ቦታ፣ ጢቾ» አለች አፀደ። «ዜግነት፣ ኢትዮጵያዊ። ሚስት፣ የለውም። ልጅ፣ የለውም።»

ደግሞ አስነበባት። ለሦስተኛ ጊዜም አስነበባት። ከዚያ ወደ አባቷ ሮጠ።

አቶ ገብረ መድህን በረንዳቸው ላይ ፀሐይ ይሞቁ ነበር፤ ኩራታቸውን እንኳ አልደበቁም። «አዎን፣ አገር ሰጠንህ! ከእንግዲህ ማን ንቅንቅ ያደርግሃል?»

«አባባ፣ ዙቤዳስ?»

«ምን ችግር አለ? ለእሷም እንመሰክርላታለና! ጢቾ ነው የተወለደችው እንላለን።»

«አባባ፣ እሷ እኮ ኤደን ናት!»

«ትምጣና እንመሰክራለን።»

«በምን ትምጣ?»

አቶ ገብረ መድህን ይህን አላሰቡበትም ነበር። ለልጅ አባቱ አባቱ ነው፤ ወረቀት ምን አገባው ብለው ነበር። ሰባ ሁለት ዓመት እንዲህ ሲኖሩ አልተሳሳቱም ነበር።

ሙቅቢል ዓርብ ዕለት ቢሮው ሄደ። ኃላፊው አቶ ካሣዬ ክፉ ሰው አልነበሩም። መዝገቡን ገልጠው አሳዩት። «አንተ ኢትዮጵያዊ ነህ። ኢትዮጵያዊ ለመውጣት ምክንያት ያቀርባል። ኤደን ዘመድ የለህም ይላል። ልጅ የለህም ይላል። የማንን ልጅ ነው የምታመጣው?»

«ጌታዬ፣ ስሕተት ቢሆንስ?»

አቶ ካሣዬ ብዕራቸውን አስቀመጡ። «ስሕተት ከሆነ ይቃናል። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ኖረሃል፣ ሱቅ አለህ፣ እንደ ውጭ አገር ሰው ፈቃዱን ታገኛለህ፤ ልጅህንም ታመጣለህ። በሐሰት የማሉት ግን ወህኒ ይወርዳሉ። እኔ ልተወው ብል እንኳ አልችልም፤ መሐላው ተጽፏል። እስከ ሰኞ አስብበትና ና።»

እንዲህ ያለ ነገር ምን ይባላል? በር ተከፈተልህ ይሉሃል፤ በሩ ላይ ደግሞ ሁለት ሽማግሌ አንጥፈውልሃል። ሙቅቢል ቅዳሜ ሱቁን አልከፈተም። እየዞረ ዋለ፤ ወደ ጭላሎ ተራራ ግርጌ ወጣ፣ ተመለሰ፣ የዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ከተማው ጠበበችው። አቶ ገብረ መድህን እንዲህ ያለ ነገር አያመልጣቸውም፤ ይዘው ሲያፋጥጡት ነገራቸው። ያን ዕለት ምክር አልሰጡም። «ሰኞ በስንት ሰዓት ነው?» ብቻ አሉ።

እሑድ ሙቅቢል ወሰነ። እውነቱን ይናገራል። እነሱ አርጅተዋል፤ ልጅ ወልደው፣ የልጅ ልጅ አይተዋል። ዙቤዳ ገና ዐሥራ አንድ ዓመቷ ነው፤ ማንም የላትም። እንዲህ ብሎ ሲያስብ በራሱ አፈረ፤ ቢሆንም ወሰነ። ከዓርብ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ምግብ ቀመሰ።

ሰኞ ጧት ቢሮው ደጅ ሲደርስ ሁለቱ ሽማግሌዎች ቀድመውታል። አጥሩ ሥር ባለው አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። አቶ ገብረ መድህን አጎዛቸውን ጠቅልለው በገመድ አስረዋል፤ ከላዩ ስንቅ ቋጥረዋል። ኦቦ ሁሴኖም መልእክት ደርሷቸው ከበቆጂ በሌሊት ተነሥተው ቡልኳቸውን ይዘው ወርደዋል። ለወህኒ ተሰናድተው መምጣታቸው ነው።

«ግባ እንጂ!» አሉ አቶ ገብረ መድህን። «እኛ እዚሁ ነን። ሲጠሩን እንገባለን።»

ገባ። አቶ ካሣዬ መዝገቡን ገልጠው ይጠብቁት ነበር።

«እህ፣ ወረቀቱ ትክክል ነው ወይስ ስሕተት?»

ሙቅቢል ተናገር ተናገር እያለ ልቡ ይገፋው ነበር። ከመስኮቱ ውጭ አቶ ገብረ መድህን ማሳል ጀመሩ። ያ ሳላቸው ሲጀምራቸው ቶሎ አይለቃቸውም። ኦቦ ሁሴኖ የጠቀለሉትን ቡልኮ ፈትተው ትከሻቸው ላይ ጣል አደረጉላቸው። የወህኒው ወለል ትዝ አለው፤ አንድ ጊዜ ለታሰረ ደንበኛው ስንቅ አድርሶ አይቶታል፤ እርጥብ ነው። ክረምቱ ደግሞ ሊገባ ነው።

«ትክክል ነው» አለ።

«ዙቤዳ የምትባለው ልጅስ?»

ከእናቷ ሆድ እያለች ትቷት የመጣ ልጁ ናት። ድምጿን ሰምቶት አያውቅም።

«ምኔም አይደለችም።»

አቶ ካሣዬ ቃሉን ጻፉት፤ አስፈረሙት፤ መዝገቡንም ዘጉ።

ሲወጣ ሽማግሌዎቹ ተነሥተው ጓዛቸውን አንሥተዋል። «በየት በኩል ነው የሚያስገቡን?» አሉ አቶ ገብረ መድህን።

«ወደ ቤት ነው። እንሂድ።»

«ልጅቷስ?»

አቶ ገብረ መድህን ፊቱን አይተው ገባቸው። ፊታቸው ባንዴ ጠቆረ፤ ከዘራቸውን አንሥተው ትከሻውን መቱት፣ ደግመውም መቱት፤ እንባቸው ጺማቸው ላይ ይወርዳል። «ማን ለመነህ? አንተን ማን ለመነህ? እኛ እኮ ተሰናድተን ነው የመጣነው!»

ኦቦ ሁሴኖ ከዘራውን ያዙ። ሙቅቢል አልሸሸም። ለዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ለሽማግሌ ድምፁን ከፍ አድርጎ አያውቅም፤ ዛሬም ከፍ አላደረገም።

«እናንተንስ ማን ለምኗችሁ ነበር?» አለ።

አጎዛውን ከአቶ ገብረ መድህን እጅ ተቀብሎ ተሸከመና ሦስቱም ወደ ከተማው ወረዱ።