በጣት የሚታወቅ ማዞሪያ

ሻርቦሪ ሦስት ቀን ሙሉ እያነበበች የቀዳችው ምዕራፍ ሲከፈት ጭጭ አለ። የተዋሰችው የድምፅ መቅጃ ሳጥን ማይክሮፎኑ ኃይል ማግኘቱን የሚናገረው በአንዲት ቀይ መብራት ብቻ ነው፤ ሻርቦሪ ደግሞ ከተወለደች መብራት አይታ አታውቅም። የትረካ መጻሕፍት አዘጋጇ ደውላ፣ "እስከ ሰኞ ካልደረሰ ለሌላ አንባቢ እንሰጠዋለን። ለምን አጠገብሽ ቁልፍ የሚነካልሽ ሰው አታስቀምጪም?" አለቻት። ሥራውን ማጣቱ አንድ ነገር ነው፤ ያ "የሚነካልሽ ሰው" ያለቻት ግን አንገበገባት።

ቅዳሜ የራሷን መቅጃ ሳጥን ልትገዛ ከወንድሟ ከፕራሶን ጋር የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ወደሚሸጥበት የኮልካታው ቻንድኒ ገበያ ወረደች። ባለሱቁ ሆሪፖዶ ወሬ አያልቅበትም። አይ ሰው! ወሬው ሁሉ ግን ለወንድሟ ነበር።

"ዳዳ፣ ወንድሜ፣ ለእሷ ይሄ ይሻላታል። ልክ እንደ ስልክ ነካ ነካ ማድረግ ነው።"

"እሷን ይጠይቋት፤ እኔ ዕቃ ልሸከም ነው የመጣሁት" አለ ፕራሶን።

ሻርቦሪ ሳጥኑን ዳበሰችው፤ ልሙጥ ነው። ጽሑፍ የሚያነብላትን ላፕቶፗን ሰካችበት። ላፕቶፑ፣ "ቁልፍ። ቁልፍ። ቁልፍ። ቁልፍ" እያለ ማነብነብ ጀመረ።

"የምን ቁልፍ?" አለ ሆሪፖዶ።

"እኔም የምጠይቀው እሱን ነው። ሠሪዎቹ ስም አላወጡላቸውም። አርባ ስም የለሽ ተማሪ ካለበት ክፍል አንዱን ይጥሩ ቢባሉ፣ ማንን ይጠራሉ?"

ሁለተኛውን አቀረበላት። ማዞሪያው ቢያዞሩት ቢያዞሩት አያልቅም።

"የት እንደደረስኩ በምን ልወቅ?"

"ዙሪያውን መብራት..." ብሎ ምላሱን ነከሰ።

በመጨረሻ ከላይኛው መደርደሪያ አቧራ የጠጣ ሳጥን አወረደ። "ይሄ የድሮ ነው፣ ዞር ብሎ የሚያየው የለም" አለ እያፈረ። ሻርቦሪ ጣቷን አሳረፈችበት። ማዞሪያው ላይ ለጥፍር የሚሰማ ጭረት አለ፤ ከታች ይነሳል፣ ከላይ ገጭ ብሎ ይቆማል። የማይክሮፎኑ ኃይል ማብሪያ ሲጫኑት ሰምጦ ይቀራል፣ ሲያጠፉት ብቅ ይላል። በደስታ ልቧ ዘለለ።

ማይክሮፎኗን ከቦርሳዋ አውጥታ ሰካች። አንድ ገጽ ብሬይል ጭኗ ላይ ዘርግታ አነበበች። መጀመሪያ ድምፁ ከልክ በላይ ጮኾ ተሰነጣጠቀ፤ ጭረቱን በጥፍሯ ይዛ ጥቂት መለሰችውና ደገመች። መልሳ ስታሰማቸው፣ ከኋላ ሻይ ሻጩ ይጣራል፣ ከፊት የእሷ ድምፅ እንደ ምንጭ ውኃ ጥርት ብሎ ይወርዳል። ማንም ምንም አልነካላትም።

ሆሪፖዶ አሁን ፕራሶንን ትቶ ወደ እሷ ዞረ። "ዲዲ፣ እህቴ፣ ደረሰኙን በማን ስም ልጻፈው?"

"በሻርቦሪ ሻሃ።"

ቅዳሜ ማታና እሑድን ሙሉ እንደገና የቀዳችው ምዕራፍ ሰኞ ጠዋት ተላከ፤ ከሰዓት በኋላ አዘጋጇ ደወለች። "ግሩም ነው! በስተመጨረሻ ሰው አገኘሽ ማለት ነው። ማናት የነካችልሽ?"

"ሻርቦሪ ሻሃ ትባላለች" አለች። "ከእኔ ሌላ ለማንም አትሠራም።"

ማክሰኞ አዘጋጇ እንድታነበው የላከችላት ሁለተኛ መጽሐፍ ቤቷ ደረሰ።