ከመቀመጫው ሥር ያለችው ማብሪያ

የቆቦው ጨርቅ ነጋዴ ታሂር ከሞተር ሳይክሉ መውረድ አይወድም። ዛሬ ዋጃ፣ ነገ ሮቢት ገበያ ውሎ አቧራ ለብሶ ሲመለስ፣ ደጃፉ ላይ ወርዶ ያንን ከባድ የብረት በር መክፈት ሞቱ ነበር። «ሞተር የገዛሁት በር ልገፋ ነው እንዴ!» እያለ ይነጫነጫል።

በመጨረሻ ነጅሙዲንን አስጠራው። ነጅሙዲን ሬዲዮም ሞተርም የሚጠግን፣ የነካው ሁሉ የሚሠራለት ወጣት ነው። ከሞተ የጭነት መኪና ሞተር ማስነሻውን ሞተሪኖ ነቅሎ ከበሩ ጀርባ ተከለ፣ ከባትሪ ጋር አገናኘው፣ ከበሩ ውጭም ውስጥም ጥንድ ብረት ቀበረ፤ ከሞተር ሳይክሉ ሆድ ሥር ደግሞ ሁለት አጫጭር ሰንሰለት አንጠለጠለ። ከመቀመጫው ሥር አንዲት ትንሽ ማብሪያ ደበቀ። ሰንሰለቶቹ የተቀበረውን ብረት ነክተው ማብሪያዋ ስትጫን፣ ሞተሪኖው ግርርር ብሎ መቀርቀሪያውን ይስባል፤ በሩም ወደ ውስጥ ብርግድ ይላል።

አቤት የዚያን ሰሞን የታሂር ኩራት! እደጁ ሲደርስ «ቢስሚላህ» ይላል፣ በሩ ይከፈታል። ሰው አፉን ይዞ ሲያይ፣ «ጌታውን ያውቃል! ወላሂ ከእኔ በቀር ለማንም አይከፈትም» ይላል። ስለ ማብሪያዋ ግን ትንፍሽ የለም።

ታዲያ ነጅሙዲን ሽቦውን ሲዘረጋ የታሂርን ልጅ ዘኪያን አያት። ዘኪያም አየችው። ከዚህ በላይ ምን ይወራል! ልጁ ሽማግሌ ሊልክ ነው የሚለው ወሬ ሲደርስ የታሂር ደሙ ፈላ። «ልጄን ለብረት ቀጥቃጭ? ሞቼ እገኛለሁ!» አለ፤ ያውም ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ዘመኑ የደርግ ነዋ፣ ባለእጅን በሥራው የናቀ ቀበሌ ተጎትቶ ይቆማል። እምቢ ቢል «ለምን?» ይባላል፤ ለምኑ ደግሞ አይነገርም። ቢጨንቀው አንድ መላ ዘየደ፤ በሩን አለመክፈት። በአገሩ ወግ ሽማግሌ ከደጅ ቆሞ ይጠብቃል። በሩ ካልተከፈተለት ጥያቄው እንዳልተጠየቀ ነው፤ ከተከፈተለት ግን «ግቡ» ብሎ ቃሉን ከመስማት ማምለጫ የለም።

ሽማግሌዎቹ በማለዳ መጡ፤ ሼህ በድረዲን ከፊት፣ ጋሽ አለሙ ዱላቸውን ተደግፈው ከኋላ። ታሂር ሽርጡን እንዳገለደመ ጎንበስ ብሎ በበሩ ቀዳዳ ያያቸዋል።

«ታሂር! የአላህ እንግዳ ነን!» አሉ ሼህ በድረዲን።

ፀሐይዋ ወጣች፤ የራያ ፀሐይ መቼም ማለዳ ብላ አትምርም። ዳግመኛ ተጣሩ። ታሂር ቢቸግረው ድምፁን አቅጥኖ፣ «ታሂር የለም!» አለ።

«ድምፁን ትቶ ነው የሄደው?» አሉ ጋሽ አለሙ።

ይኼኔ ሞተሪኖው ግርርር አለ። በሩ ብርግድ ሲል የታሂርን ግንባር ደለቀው። ዞር ቢል፣ ከበሩ አጠገብ፣ ከተቀበረው ብረት ላይ የቆመው ሞተር ዘንድ ዘኪያ ቆማለች፤ እጇ ከመቀመጫው ሥር ነው። ፊት ለፊቱ ደግሞ ሽማግሌዎቹ።

«ማሻ አላህ!» አሉ ሼህ በድረዲን። «ለካ ላንተ ብቻ አይደለም የሚከፈተው?»

አሁን ታሂር ምን ይበል? ልጄ ከፈተችው ቢል ውርደት ነው። በሩ ለማንም ይከፈታል ቢልማ አገር ይስቅበታል።

«እኔ ነኝ የከፈትኩት! ሌላ ማን ይከፍተዋል? ግቡ እንጂ!» አለ ግንባሩን እያሻሸ።

ገቡ፤ ልጅህን ለልጃችን አሉ። ታሂርም፣ «ዘመድ ላማክር» ብሎ ሸኛቸው። በልቡ ግን እስኪሰለቻቸው ሊያመላልሳቸው ነው።

ገና ከደጁ ሲወጡ ዘኪያ ላይ ዞረ። «ማነው ማብሪያዋን ያሳየሽ? ያ ቀጥቃጭ ነው አይደል?»

«ማንም አላሳየኝም፣ አባዬ። በሩ ላይ በደረሱ ቁጥር እጅዎን ከጭንዎ ሥር ሰደው ሰማይ ሰማይ ያያሉ። የቆቦ ሰው ሁሉ ያውቃል።»

«ሁሉ?» አለ ታሂር። «ታዲያ ሞተሩ ከሱቄ ደጅ ሲውል ማብሪያዋን ማንም ያልነካት ለምንድነው?»

«እንዳያፍሩ ብለው ነዋ። ይወዱዎታል።»

ታሂር ደጃፉ ላይ ዝርፍጥ አለ። ስንት ቀን በሰው ፊት ተኮፍሷል! ሰዉ ግን ሳቁን ውጦ «አጃኢብ ነው!» ይለው ነበር።

«ልጁስ? እሱ ንኪያት አላለሽም?»

«እሱማ፣ ‹አደራ እንዳትነኪያት፤ አባትሽ በገዛ እጃቸው ካልከፈቱልኝ ከደጅ ልቅር› ብሎኛል።» እንባዋ መጣ። «አልቻልኩም። እኔ ነኝ ያልቻልኩት፣ አባዬ።»

ታሂር ልጁን አያት። በራሱ አፈረ። ጫማውን እንኳ ሳያጠልቅ ብድግ ብሎ ወደ መንገዱ ሮጠ። ሽማግሌዎቹ መስጊዱ ጥግ ደርሰዋል።

«ሼህ በድረዲን! ኧረ ቆዩ! ዘመድ አማክሬያለሁ!»

ጋሽ አለሙ ዱላቸውን ተክለው ዞሩ። «በዚህ ፍጥነት? የትኛውን ዘመድ?»

«ልጄን» አለ ታሂር እያለከለከ። «ልጄን አማከርኳት።»