ሐሙሲት ላይ የተበላሹት መኪኖች

የናፍጣ ዋጋ የተጨመረ ጊዜ ከባሕር ዳር ጎንደር የሚመላለሰው መኪና ሁሉ ሐሙሲት ላይ ተበላሸ። አዎ፣ ሁሉም ባንድ ጠዋት! ተስቦ የገባባቸው ይመስል አንዱ ጎማዬ አለ፣ አንዱ ራዲያተሬ አለ፣ ከኋላቸው ቅጠልና ድንጋይ ደርድረው መንገዱን ሞልተውት ቆሙ። ዘመኑ ደርግ ነው። አድማ መታን ቢሉ በዚያው ቀን ተለቅመው ይታሰራሉ። ስለዚህ «ቀድሞ የተንቀሳቀሰ ቤቱ አይቁም!» ብለው ተማማሉና ለጠየቃቸው ሁሉ ተበላሸብን አሉ። መሐላውን የተማማሉት እኔው ሻይ ቤት ውስጥ ነው። ምን ልዋሽ፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ሻዬ ተሸጠልኝ፤ ደግሞም እውነታቸውን ነው፣ ናፍጣው ኪሳቸውን አራቁቶት ነበር።

ዳኘው የሚባለው የሎንቺና አውቶቡስ ሾፌር ደንበኛዬ ነው። ተጫዋች፣ ሰው አክባሪ። ጠመንጃ ያነገተ አብዮት ጥበቃ መጥቶ «ያንተስ ምን ሆነ?» ሲለው፣ «ማስነሻው፣ ሞተሪኖው ተቃጠለ፤ ቁልፉን ባዞረው ባዞረው ዝም ነው» አለው። ጥበቃው አንዱንም አላመነ። ደጄ ላይ ወንበር ስቦ ተቀመጠና ማን ሞተር እንደሚያስነሳ ይጠብቅ ጀመር። አንዱ ካስነሳ የሁሉም ውሸት መውጣቱ ነው።

ረፋዱ ላይ ከሐይቁ ዳር አራት ሰዎች ቃሬዛ ተሸክመው መጡ። ፊት የያዘው ጀልባ ሠሪው ቡርሀን ነው፤ ዓሣ እየያዘ ገበያችን ስለሚወጣ ሁላችንም እናውቀዋለን። ቃሬዛው ላይ ሚስቱ ዘይቱና ተኝታለች፤ ምጥ ይዟት አድራለች። ከንፈሯ ደርቆ ተሰነጣጥቋል።

«ዳኘው ወንድሜ፣ ባሕር ዳር ሆስፒታል አድርስልኝ» አለ ቡርሀን።

ዳኘው ጥበቃውን አየው። ከዚያ መሬት መሬቱን አየ።

«ተበላሽቶብኝ እኮ ነው፣ ወንድሜ። ሞተሪኖው።»

ወይ ጉድ! እኔስ? እኔም ባንቺአየሁ፣ ምላሴ አያርፍም የምባለው፣ አፌን ያዝሁ። ብናገር ያ ሁሉ ሾፌር ይታሰራል አልሁ። በራሴ አፈርሁ፣ ግን አፍሬም ዝም አልሁ። ሌሎቹ ሾፌሮች የሻይ ብርጭቋቸውን አተኩረው ያዩ ነበር።

ቡርሀን ቢቆጣ ምን ነበረበት! አልተቆጣም። ጭራሽ አዘነለት። «አይዞህ፣ አንተም ተቸግረሃል» ብሎት ዘይቱናን ደጄ ያለው ዋርካ ጥላ ሥር አሳረፋት፤ ሌላ መኪና ሊጠብቁ። ከየት ይምጣ? እሷ ታቃስታለች፣ እነሱ መንገድ መንገዱን ያያሉ፣ እኛ እናውቃለን። ውሃ ወሰድሁላት። «አላህ ይስጥሽ» አለችኝ፤ ዓይኗን ማየት አቃተኝ።

ፀሐይዋ አናት ላይ ወጥታ ጥላው ወዲያ ሲዞር ቡርሀን ብድግ አለ። «ሞተሪኖ ከሆነማ በግፊ ይነሳል ሲባል ሰምቻለሁ። እኛ ጀልባ ከየብስ ወደ ውሃ ስንገፋ አይደል የኖርነው? እንገፋዋለን።»

ጥበቃውም «ይገፋ እንጂ!» ብሎ ቆመ። ዳኘው ምን ይበል? ገብቶ መሪውን ያዘ። የሐይቁ ሰዎች ትከሻቸውን ከኋላ ሰጥተው «ያ አላህ!» እያሉ ገፉ። ሎንቺናው ንቅንቅ አላለም። ደግመው ገፉ። የቡርሀን ላብ ተንጠፈጠፈ። በተከፈተው በር አጮልቄ ሳይ ዳኘው ፍሬኑን ረግጦ ይዞታል!

ደሜ ፈላ። በሩ ላይ ተለጥፌ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ «አንተ! እግርህን አንሳ! አንተን የወለደች እናት የለችህም?» አልሁት።

ፊቱ በርበሬ መሰለ። እግሩን አነሳ። ሎንቺናው ተንደረደረና ሞተሩ ተነሳ። ጥበቃውም ሞተሪኖው እውነትም ተቃጥሎ ኖሯል ብሎ ወንበሩ ላይ ተመለሰ። የሐይቁ ሰዎች በደስታ ጮኹ፣ ዘይቱናን አስገቡ፣ ሄዱ። ከሾፌሮቹ አንድም መሐላው ፈረሰ ያለ የለም።

አድማው ረግቦ መኪናው ሁሉ «ከተሠራ» በኋላ ቡርሀን ብቻውን መጣ። ሾፌሮቹ ቤቴ ሞልተው ነበር። ዳኘውን አቅፎ ትከሻውን ሳመውና በቅጠል የተጠቀለለ ዓሣ ፊቱ አስቀመጠለት።

«ዘይቱና ተርፋለች፤ በአላህና ባንተ» አለው። «ልጁ አልተረፈም። ሐኪሙ ረፋዱ ላይ ደርሳችሁ ቢሆን ኖሮ አለኝ። ምን ይደረግ፣ መኪና ሲበላሽ ሰው ምን ያደርጋል?»

ዳኘው ዓሣውን ከፊቱ ገፋ አደረገው። እኔን መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ። ያ ሁሉ ሾፌር አንገቱን ደፋ።

ቡርሀን ያዘንንለት መሰለው መሰለኝ፣ ዞሮ እኛኑ ያጽናናን ጀመር። «አይዟችሁ፣ የናንተም ሥራ ከባድ ነው። ሌላ ጊዜ መኪናችሁ ሲቆምባችሁ ላኩብን። መንደሩ በሙሉ ወጥቶ ይገፋላችኋል።»