ጣዎሷ ዶሮ እንዳትሆን

ዓዲ ሓቂ ሰፈር ካሉት ፔንስዮኖች ሁሉ የወይዘሮ ለተመድህንን ያህል ቀርፋፋ ድረ ገጽ ያለው አልነበረም። ምነው ቢሉ፣ ሴትዮዋ በየአልጋው ልብስ ላይ በገዛ እጃቸው ጣዎስ ጠልፈዋል፤ የሰርግ ፎቶ አንሺ ጠርተውም አስነስተዋል። ፎቶዎቹ ክሩ እስኪቆጠር ጥርት ያሉ ናቸው፣ የፋይላቸው ክብደት ግን ጉድ ነው። እንግዳ ገጹን ይነካና ይጠብቃል፣ ይጠብቃል፣ ከዚያ ሌላ ቤት ይሄዳል።

ወይዘሮ ለተመድህን ደግሞ ጊዜን በሰዓት አይለኩም። እንቁላል ሲቀቅሉም ሆነ ገጹ እስኪከፈት ሲጠብቁ፣ ዐይናቸውን ጨፍነው አቡነ ዘበሰማያት ይደግማሉ። ገጹ ሦስቴ ያስደግም ነበር።

"ሐሙስ ጠዋት እኔው ራሴ እሞክረዋለሁ" አሏት ገጹን የሠራችውን የእህታቸውን ልጅ ዳግማዊትን። "አንዴ ደግሜ ዐይኔን ስገልጥ ጣዎሴን ካላየሁ፣ ሥራውን ለአማቼ ለሃፍታይ እሰጠዋለሁ። አንቺ አንሶላ ታጥቢያለሽ፣ ጓለይ።"

አንሶላ አጣቢው ሃፍታይ ከኮምፒውተር ጋር የሚተዋወቀው አቧራውን ሲጠርግ ነው። ዳግማዊት የአንሶላውን ክምር አሰበችና ወደ ኮምፒውተሯ ሮጠች።

የፎቶዎቹን ክብደት መቀነስ ያዘች። ትንሽ ቀንሳ ለአክስቷ አሳየች፤ ምንም አልታወቃቸውም። ጨመር አድርጋ ቀነሰች፤ አሁንም ያው። ልቧ አበጠና ሙልጭ አድርጋ ብትቀንሰው፣ ወይዘሮ ለተመድህን መነጽራቸውን አስተካክለው "ይህቺ ዶሮ የማን ናት?" አሉ። ስንት ወር የደከሙበት ጅራት ደብዝዞ ድራሹ ጠፍቷል። ዳግማዊት አፈረች፤ ከዋናው ፎቶ እንደገና ጀምራ ትንሽ ክብደት መለሰችለት። ቀረብ ብለው ሲያዩት ጣዎስ ነው፤ በችኮላ ላየው ግን እንጃ።

ሐሙስ ደረሰ። አክስቷ ስልካቸውን ጠረጴዛ ላይ አኑረው ገጹን ነኩና ዐይናቸውን ጨፈኑ። "አቡነ" ከማለታቸው ገጹ ከነጣዎሱ ቁጭ አለ። ዳግማዊት በደስታ ልትዘል ምንም አልቀራት። ግን ጸሎት ላይ ያለን ሰው ማን ያቋርጣል? ሴትዮዋም የሚቸኩሉ አይደሉም፤ እያንዳንዷን ቃል አጣጥመው ነው የሚሏት። ስልኩ መጠበቅ ታክቶት ብርሃኑን አጠፋ።

"አሜን" አሉና ዐይናቸውን ገለጡ። የጠቆረው መስታወት ላይ የራሳቸውን ፊት አዩ። "ጣዎሴስ?"

"ተከፍቶ ነበርኮ፣ ሓትኖይ። እርስዎ ጨፍነው ነው እንጂ።"

"ታዲያ ለአንቺ ብዬ አፍጥጬ ልጸልይ? ቃል ቃል ነው። ሳሙናው መደርደሪያው ላይ አለልሽ።"

ዳግማዊት ሳሙናውን ልታነሳ ስትል ስልኩ ጮኸ። አክስቷ እንደ ልማዳቸው ድምፁን ለጎረቤት ለቀው አነሱት።

"ከአዲስ አበባ ነው" አለች አንዲት ሴት። "ገጻችሁ ወዲያው ተከፈተልኝ፤ የሌሎቹማ አሁንም እየዞረ ነው። ያቺ ዶሮ ያለችበት ክፍል ለቅዳሜ ይገኛል?"

ዳግማዊት በተራዋ ዐይኗን ጨፍና አቡነ ዘበሰማያት ጀመረች። ወይዘሮ ለተመድህን ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ዶሮዋ አለች" አሉ በመጨረሻ። "ቀርበው ሲያዩዋት ጅራት ታወጣለች።"

ስልኩን ዘግተው ወደ ዳግማዊት ዞሩ።

"ጸሎትሽን ስትጨርሺ ሃፍታይን ጥሪልኝ፤ ሳሙናውን ይውሰድ።"